ከራት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር

ሰኞ፣ 4

የደብዳቤ ክፍላችን ኃላፊ በዚህ ወር ጡረታ ሊወጡ ነው። ለቦታው የቀረብነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ኦኬ። ኦኬ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። የወጣለት ስም አለው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ሰላም ብትለው ኦኬ፣ ብትቆጣው ኦኬ፣ መብራት ሲጠፋ ኦኬ፣ ሲመጣም ኦኬ። በዚህች አንዲት ቃል ነው እዚህ የደረሰው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ሰብስቦን ስለ ውድድሩ ያብራራው በእንግሊዝኛ ነው። ክፍላችን ከውጭ አገር የመድን ድርጅቶች ጋር ስለሚጻጻፍ አዲሱ ኃላፊ በቋንቋው የተራቀቀ መሆን አለበት አለ። እስከዚህ ገብቶኛል። ቀጥሎ አንድ ረጅም ቃል ተናገረ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ስንወጣ ምን ማለቱ እንደሆነ የሒሳብ ክፍሏን ሴትዮ በዘዴ ልጠይቃት ጠጋ ስል፣ ለካ እሷም የምትጠጋኝ እኔን ልትጠይቀኝ ነው። ተያየንና ስለ አየሩ አወራን።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ማን ያቅተዋል? ኦኬም ይጽፈዋል። ሰውን ከሰው የሚለየው ቃል ነው፤ ያውም ከባድ ቃል።

ረቡዕ፣ 6

መጽሐፍ ገዛሁ። የተራቀቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ የተሰበሰቡበት ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ሰውዬ ከክምሩ ሥር ሲያወጣው አቃሰተ። የቀድሞው ባለቤት እስከ ሦስተኛው ፊደል ድረስ በእርሳስ አስምሮ አስምሮ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ እንደተወለደ ነው። ሰነፍ ነገር ነበር ማለት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ርዕሱ ለሰው እንዲታይ አድርጌ ይዤው መጣሁ። አንድ ተማሪ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ለመጽሐፉ ይሁን ለሽበቴ አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ፣ 9

ቋንቋ የሚለመደው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤተሰቤን፣ ማለትም ባለቤቴንና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጃችንን፣ ሳሎን ሰብስቤ ሕግ አወጣሁ። ከበሩ ወዲህ እንግሊዝኛ ብቻ። ራት ከመበላቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው አዲስ ከባድ ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ከራሱ ፈጥሮ ይናገራል፤ እኔ አርሜ ከአሥር ነጥብ እሰጣለሁ። ሕጉን ያፈረሰ ሳህን ያጥባል።

ባለቤቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ኧረ ተወኝ፣ ደክሞኛል» አለች። በዚህም የመጀመሪያዋ ሳህን አጣቢ ሆነች። ድሮም የምታጥበው እሷ ናት፤ አሁን ግን ሥርዓት ያዘ።

ልጄ ትምህርቷ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከሁላችን ትሻላለች። ቀላሉን በደንብ ብንናገረው ምን ይለናል፣ ከባዱ ለምን አስፈለገ ብላ ጠየቀችኝ። ቀላሉንማ ማንም ይናገረዋል አልኳት። «እኮ» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ሕግ ስላፈረሰች ግን ሳህኑን ለሁለት አጠቡት፤ ወጥ ቤት ሆነው ሲንሾካሾኩና ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ 12

ጉድ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም።

እኔና ባለቤቴ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የምንጨቃጨቅባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉን፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ፣ የእኔ ወንድም፣ እና እኔ ስትናገር አልሰማትም የሚለው የቆየ ክሷ። ትላንት ቧንቧው ሲንጠባጠብ አየችው። ወደ እኔ ዞረች፣ አፏን ከፈተች፣ ቃሉ አልመጣላትም፣ መልሳ ዘጋችው። ሄዳ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ እንግሊዝኛውን በተጋባን ማግስት እጀምረው ነበር።

በራት ሰዓት ልጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራች። ስተረጉመው «አባቴ ያለ አንዳች ምክንያት ግርማ ሞገስ የሚሰማው ሰው ነው» ማለት ነው። ስሕተት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁበት። ዘጠኝ ሰጠኋት። አሥር ልሰጣት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ 14

ዛሬ ባለቤቴ አኮራችኝ። እስካሁን በራት ሰዓት «ድመቷ ትልቅ ናት» ከማለት አልፋ አታውቅም፤ ድመት እንኳ የለንም። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቃት ቀድማ ጀመረች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አነባብራ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እያንዳንዷን ቃል ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው እየጎተተች ተናገረች። ወደ ቋንቋችን ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ «ፋብሪካ አዲስ ሥራ ይሰጠኛል። ትልቅ ሥራ። ሌላ ከተማ። እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

አምስት ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ። እንዲህ ያለ የፈጠራ ችሎታ እንዳላት አላውቅም ነበር። «ትልቅ» የሕፃን ቃል ነው፣ «ሰብስታንሻል» በይ ብዬ አረምኳት። ቃሉን ሞከረችው፣ አንደበቷ ላይ ተሰበረባት፣ ተወችው። ጥያቄዋን ደግሞ መመለስ ነበረብኝና ሳምንቱን ሙሉ ቦታ አጥቼለት የሰነበትኩትን ሐረግ አወጣሁት፦ «አይ ሆልሃርተድሊ ኮንከር።» በሙሉ ልቤ እስማማለሁ ማለት ነው። እንዴት እንደጣፈጠኝ። ወንበሬን ገፍቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

ባለቤቴ ወደ ልጃችን ዞረች። ልጄ በቋንቋችን ነገረቻት፤ ሕግ ማፍረስ ቢሆንም ለዛሬ አለፍኩት። «እርግጠኛ ነው?» አለቻት እናቷ በሰባራ እንግሊዝኛዋ። እኔም ገብቶኝ ሐረጉን ደገምኩላት፤ ሁለተኛው እንዲያውም ከመጀመሪያው ያማረ ነበር።

ስድስት ሰጠኋት። ግሷን ብታስተካክል ሰባት ይገባት ነበር። ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ከደስታ ይመስለኛል።

እሑድ፣ 17

ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ግቢው ከሕጉ ውጭ ስለሆነ እዚያ የምታወራው በቋንቋችን ነው። ሰሞኑን ግቢ ማብዛቷን ታዝቤአለሁ፤ አንድ ሸሚዝ ለማስጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

በመስኮት በኩል ስሰማት «እሱማ ተስማምቷል» ትላለች። «እኔስ ገርሞኝ የለ? አንዲት ቃል አልተከራከረኝም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ትንሽ እንኳ ቅር አይለውም?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ስለ ማን እንደምታወራ አልተያዘልኝም። የእህቷ ባል ይሆናል፤ የእነሱም ትዳር ወደዚያው ገደማ ነው። ሰውዬው ድሮም ደንታ ቢስ ነው።

ረቡዕ፣ 20

ጥድፊያ። ምሳ አልበላሁም።

ደብዳቤዬ ተመለሰ። ለአንድ የውጭ ድርጅት ሙሉ ገጽ ጽፌ፣ ከመጽሐፉ ያወጣኋቸውን ቃላት እንደ ቅመም በትኜበት ነበር። መልሳቸው አንድ መስመር ናት፤ ምን እንደምንፈልግ እንድንገልጽላቸው በትሕትና ይጠይቃሉ። ኦኬ ሦስት መስመር ጻፈላቸው፣ ጉዳዩ ቀኑ ሳይመሽ አለቀ። ዕድለኛ ሰው።

ሥራ አስኪያጁ ግን የእኔን ደብዳቤ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ አይቶ፣ «ኢምፕረሲቭ» ብሏል። አንጀቴን አራሰኝ። አንብቦት ይሁን ርዝመቱን አይቶ አላጣራሁም።

ማታ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ገና ከውጭ ሳለሁ በቋንቋችን ለመናገር ብላ ነው። የእማዬን ዓረፍተ ነገር አስበህበታል ወይ አለችኝ። ግሱን ማለቷ መሰለኝ። አስቤበታለሁ፣ ይሻሻላል አልኳት። ጭንቅላቷን ይዛ ገባች።

ዓርብ፣ 22

ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣው ወርዶ አቧራው ተጠርጓል። ባለቤቴ ቤት እያጸዳች ነው። ጎበዝ ናት፣ ይህን ማንም አይክዳትም።

ዛሬ በራት ሰዓት ዓረፍተ ነገሯ ጥያቄ ነበር፦ «እዚያ ቤት እፈልጋለሁ። ለሁለት ሰው? ለሦስት ሰው?» መጥፎ አይደለም። ግን ከባድ ቃል የለበትም፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ግስ የሚባል ነገር የለም። አራት ሰጠኋት። ነጥቡን ሰምታ ዝም ትላለች ብዬ ሳስብ፣ መልስ የምትጠብቅ ይመስል ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። እኔ ደግሞ ግስ እንድትጨምርበት ጠበቅኋት። ስንጠባበቅ ምግቡ ቀዘቀዘ።

ልጄ ሹካዋን ጥላ መኝታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ዕድሜዋ ነው፤ ያልፍላታል።

ሰኞ፣ 25

የቃለ መጠይቁ ቀን ተቆረጠ፤ በሚመጣው ወር 5፣ ሐሙስ። ያጠናሁት ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዛሬ መድኃኒት ቤት ገብቼ ራሴን እንዳመመኝ የተናገርኩት በከባድ ቃል ነበር፤ ልጅቷ አዝና የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሰጠችኝ። እንዳላፍር ብዬ ተቀብዬ ወጣሁ።

ባለቤቴን ሳያት የከሳች መሰለኝ። ነጥብ አሰጣጤ ከብዷት ይሆን? ጨካኝ ሰው አይደለሁም። ያቺን የሐሙሷን ስድስት ወደ ሰባት ከፍ አድርጌልሻለሁ ብዬ ነገርኳት። አየችኝ። አስተያየቷን በየትኛውም ቋንቋ ልተረጉመው አልቻልኩም።

የሥራ ባልደረቦቿ የእጅ ሰዓት ሰጥተዋት መጣች፤ የሚያምር ሰዓት ነው። በምን ምክንያት እንደሰጧት ልጠይቃት ፈልጌ «ምክንያት» ለሚለው ከፍ ያለ ቃል ስፈልግ፣ መጽሐፉ ደረቴ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ፣ 30

ሄደች።

ጠዋት ከመኝታ ክፍል ስወጣ ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ኮቷን ለብሳ የልጃችንን ፀጉር እየዳበሰች ነው። ውጭ የፋብሪካው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ወዴት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። እንዲያ ባለ ሰዓት እንኳ «ወዴት» ለሚለው የረቀቀ ቃል መርጬ ነበር። ይህን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

በቋንቋችን መለሰችልኝ። ያ የድሮው ድምፅዋ ነበር፤ ለካ ቤት ውስጥ ከሰማሁት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።

«ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ልጅቷ ትምህርት እስኪዘጋ አንተ ጋ ትቆይና ትመጣለች።»

የምን ሥራ? የት? መቼ ተነጋገርን? እንግሊዝኛው ከላዬ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ ወልቆ ነበር።

«ነግሬሃለሁ እኮ። ራት ላይ። ስድስት ሰጠኸኝ።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። ልምምድ መስሎኝ ነበር፣ ከራስሽ የፈጠርሽው መስሎኝ ነበር አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር ምን እንደሚመስል ሰው ሳይሞክረው አያውቅም። ልጄ መሬት መሬት ታያለች።

ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለአዲሱ ፋብሪካ መስመሮች ሁሉ ኃላፊ አድርገው እንደመረጧት፣ ደስታዋን የምትነግርበት ሰዓት ከራት በፊት ያለችው ብቻ ሆና እንዳገኘቻት፣ ቃላቱን ሥራ ቦታ ከአንዲት ልጅ ተምራ ሁለት ቀን እንዳጠናቻቸው ነገረችኝ። እንቢ ብዬ እጮህባታለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ለጩኸቱ መልስ ይዛለች። ላልጮኸ ሰው ግን መልስ አልነበራትም።

«በሙሉ ልቤ አልከኝ» አለች። «ያውም ሁለት ጊዜ። ሰው ሚስቱን እንዲህ ደስ ብሎት ሲሸኝ አይቼ አላውቅም።»

ሻንጣውን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። «ቤት ልይዝ ነው። ለሁለት ነው ለሦስት? አከራዩ እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ነው የሚጠብቀኝ።»

እዚያ ከተማ ድርጅታችን ቅርንጫፍ የለውም። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ወንበር አምስት ቀን ቀርቶታል። ይህ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተጋፋ፣ ከአፌ የወጣው «ሻንጣው ይከብዳል፣ ላንሳልሽ» የሚል ነው። ተሸክሜ መኪናው ድረስ አደረስኩላት። ሹፌሩ እንዳይጋጭባት አድርጎ እንዲያስቀምጠው ሁሉ መከርኩት። ሚስቴን በገዛ እጄ ጭኜ ላክኋት ማለት ነው።

ሰኞ፣ 2

ሕጉን ሻርኩት። ልጄ ግን አልሻረችውም። ከቅዳሜ ጀምሮ የምታናግረኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ያውም እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ በትሕትና። ማንቆርቆሪያው ፈልቷል፣ እባክዎን። ካልሲዎ ሶፋው ሥር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የከፈልኩላት ትምህርት ለካ ለዚህ ነው።

ራት አቅርባ ዓረፍተ ነገሬን ጠየቀችኝ። ካልተናገርኩ ሳህኔን እንደማትሰጠኝ ገብቶኛል። ተሳስቻለሁ አልኩ፤ በእንግሊዝኛ ሦስት አጫጭር ቃላት ናቸው፣ ማንኛውም ሕፃን ያውቃቸዋል። ትንሽ አሰበችና ሰባት ሰጠችኝ። ግሱ ትክክል ነው አለችኝ።

ለእናትሽ አንቺ ንገሪልኝ ብዬ ለመንኳት። ያን ጊዜ በቋንቋችን መለሰችልኝ።

«አባዬ፣ እኔ አስተርጓሚያችሁ አይደለሁም።»

ተነስታ ሳህኑን አጠበች። እኔ ላጥብ ብላት እንቢ አለች፤ ሕግ አፍርሻለሁ አለች።

ናፍቃኛለች። ይህችን ለመጻፍ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ምን እላታለሁ? ከባለቤቴ ጋር ስነጋገር ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ራሱ ጠፍቶብኛል። ሐሙስን ልለፍና እደውልላታለሁ።

ሐሙስ፣ 5

ሳቁብኝ። ቃለ መጠይቁ በቋንቋችን ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ መሐል ላይ፣ የሠራተኞች ተወካይና ከቦርድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግራና ቀኙን ተቀምጠዋል። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይወዱም። ስለዚህ ሁላችንም በምንግባባበት እንነጋገር አለ ሥራ አስኪያጁ። የእሱ ንግግር ደግሞ ከሁላችንም የጠራ ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ የተጠየቅሁት ሥራዬን በአጭሩ እንድገልጽ ነው። አፌን ከፈትኩ። ወር ሙሉ ያጨቅኋቸው ቃላት ሁሉ በሩ ላይ ተጋፍተው ቆሙ፣ አንዱም የሚፈለገው አይደለም። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ በገዛ ቋንቋዬ መናገር አቃተኝ። ደብዳቤ ይመጣል አልኩ። እንመልሳለን አልኩ። ሽማግሌው አዝነው ውኃ ቀዱልኝ።

በመጨረሻ ይህን ቦታ ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ትላንት ወዲያ አውቀው ነበር፣ አሁን ግን እንጃ አልኳቸው። ከገባሁ ጀምሮ ያልተደናቀፍኩባት ዓረፍተ ነገር ይህች ብቻ ነች። ሥራ አስኪያጁ ጻፈ፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገብቷቸው ነው የነቀነቁት።

ኦኬ ከእኔ ቀጥሎ ገባና ወዲያው ወጣ። እንዴት ነበር ስለው ምን እንዳለኝ መጻፍ አያስፈልግም።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ ነገ ጠዋት ቢሮው ድረስ እንድመጣ አስጠራኝ። ኦኬን አላስጠራውም። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ እጄን ጨብጣ «በቃ ያንተ ነው» አለችኝ። ወር ሙሉ ይህን ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ የኖርኩ ሰው፣ ስሰማው እንደ ሌላ ሰው ወሬ አለፈኝ።

ዓርብ፣ 6

ጠዋት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከመግባቴ በፊት የጻፍኩት ነው፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ።

እግሬ ወደ ላይ ሊወጣ ነበር። ግማሽ ደረጃ ላይ ቆምኩ። ገብቼ «አልተመረጥክም» ቢለኝና ከዚያ ብደውልላት፣ የተረፈውን ነው የምሰጣት። «ተመርጠሃል» ቢለኝ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ጠብቂኝ እላታለሁ፣ ትንሹም ይረዝማል። የምለውን ማለት ያለብኝ በሩ ሳይከፈት ነው። ይህ እንዲገባኝ ይህን ያህል መፍጀቱ ያሳፍራል።

ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ አነሳችው። ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ይቅርታ አለበት፣ ቧንቧው አለበት፣ ወንድሜ ሳይቀር አለበት። ድምፅዋን ስሰማ አንዱም አልተገኘም።

«ለሦስት» አልኳት።

«ምኑ?»

«ቤቱ። ለሦስት ያዢው። እኔም ልምጣ።»

ዘጋችው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልዘጋችውም።

«መስመሩ ጥሩ አይደለም መሰለኝ» አለች ቆይታ። «እስኪ ድገመው።»

መስመሩ ጥሩ ነበር። ከኋላዋ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ይሰማኝ ነበር። ደገምኩላት።